ሳንታረቅ ያረፈውን የልጅነት ጓደኛዬን እንዴት ላስበው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ፊደል አብረን የቆጠርን የልጅነት ጓደኛ ነበረኝ። በወጣትነታችን በማይረባ ነገር ተቀያይመን፣ ሳንታረቅ ኑሮ ለያየን። ማረፉን የሰማሁት ከዓመት በኋላ በመሆኑ ቀብሩ ላይ አልቆምሁም፤ አርባውም ሙት ዓመቱም አልፏል። አሁን በሕልሜ ሕፃን ሆኖ ይታየኛል። ይህን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ለእርሱ ማስጸለይ ይቻላልን? የማውቀው የቤት ስሙን ብቻ ነው። ይህን ያህል ማዘኔስ የእምነት ጉድለት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናዎ። መርዶውን ዘግይተው ስለ ሰሙ ይህን ቃል የሚልዎ ሰው ሳያገኙ የቀሩ ይመስለኛል፤ ሥጋ ዘመድ ላልሆነ ሐዘንተኛ የሚነጠፍለት ፍራሽ የለምና።

ስለ ሐዘንዎ ከጠየቁት ልጀምር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የተሰሎንቄን ምእመናን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ (1ኛ ተሰ. 4፥13) ጨርሶ እንዳያዝኑ አላዘዛቸውም። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። ስለዚህ እንባዎን ከኃጢአት አይቁጠሩት።

ጊዜው አልፏል ስላሉት፣ ቤተ ክርስቲያን አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን የለየችው መታሰቢያው ሥርዓት እንዲኖረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጸሎቱ በር ይዘጋል ማለቷ አይደለም። በየቅዳሴው በሃይማኖት ሆነው ላረፉት ሁሉ ስትጸልይ፣ ትናንት ያረፈውንና ከብዙ ዘመን በፊት ያረፈውን አትለይም፤ ጌታችን እንዳስተማረን በእግዚአብሔር ዘንድ ሁሉም ሕያዋን ናቸውና (ሉቃ. 20፥38)። በቀብር አለመገኘትም ከወዳጅነት አያወጣም። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአቴና አብሮት የተማረው ወዳጁ ቅዱስ ባስልዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ379 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ እርሱ ታሞ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልቆመም፤ የመታሰቢያ ንግግሩን ያቀረበው ከዓመታት በኋላ ነበር።

ስለ ሕልሙ ብዙ አልልም። የናፈቁትን ሰው በሕልም ማየት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ መልእክት አለው ብለው ግን ወደ ጠንቋይም ወደ ሙታን ጠሪም እንዳይሄዱ፣ ይህን እግዚአብሔር አጥብቆ ከልክሏልና (ዘዳ. 18፥11)። ሲነቁ በስሙ «አቤቱ፣ በመንግሥትህ አስበው» ብለው ይስገዱ።

ከጥያቄዎ ሁሉ የከበደኝ ግን «ሳንታረቅ» ያሉት ቃል ነው። ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዞናል (ማቴ. 5፥24)፤ እርስዎ ደግሞ ሊሄዱበት የሚችሉት ወንድም በዚህ ዓለም የለም። ይህ ማለት ግን በደሉ ሳይፈታ ይቀራል ማለት አይደለም። ወደ ንስሐ አባትዎ ቀርበው ጠቡን ይናዘዙ፤ ሲናዘዙም የእርሱን ጥፋት ትተው የራስዎን ድርሻ ብቻ ይናገሩ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ሳያስበው የሟቹን ክስ ያነባል። የሚሰጥዎን ቀኖና ከፈጸሙ በኋላ በልብዎ የሚቀረውን ጸጸት በትልቅ ተዝካር ለመሸፈን አይሞክሩ፤ እኔ ብሆን ማንም ሳያውቅ በስሙ ለአንድ ችግረኛ መመጽወትን እመርጥ ነበር።

እዚህ ላይ ንጉሥ ዳዊትን ያስቡ። ወዳጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ሲወድቅ ዳዊት ርቆ በጺቅላግ ነበር፤ መርዶውን የነገረው ከሰፈሩ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። እንባውን አፍስሶ የልቅሶ ቅኔውን ተቀኘ፤ ነገር ግን ወዳጅነቱ በልቅሶው አላበቃም። ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ከሳኦል ቤት ስለ ዮናታን ብሎ ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ቀርቶ እንደሆነ አስጠየቀ (2ኛ ሳሙ. 9)። የተገኘው ሁለት እግሩ ሽባ የሆነው የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ነበር። አባቱ ሲሞት 5 ዓመቱ የነበረው ይህ ልጅ፣ ዳዊት ባስጠራው ጊዜ ራሱ ሚካ የሚባል ልጅ የወለደ ጎልማሳ ነበር፤ ከዚህ መታሰቢያው ምን ያህል ዘመን ዘግይቶ እንደመጣ መረዳት ይቻላል። ዳዊት ግን ዘግይቻለሁ ብሎ አልተወውም፤ የሳኦልን ርስት መልሶለት ዘወትር ከማዕዱ እንዲበላ አደረገው።

ስለዚህ የጓደኛዎን ቤተሰብ ይፈልጉ። ልጆች ትቶ እንደሆነ፣ ወላጆቹ በሕይወት ካሉም ማን እንደሚጠይቃቸው ይወቁ። ጠባችሁን የሚያውቁ ከሆነ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁ፤ የማያውቁ ከሆነ ግን የእርስዎን ሸክም ለማቅለል ብለው በሐዘናቸው ላይ አዲስ ሐዘን አይጨምሩባቸው። ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው በክርስትና ስሙ ስለሆነ፣ ለመሄድዎ ምክንያት ካጡ ይህን ለመጠየቅ ይሂዱ። እስከዚያው ድረስ እግዚአብሔር በየትኛውም ስም ያውቀዋልና፣ በልጅነታችሁ በምትጠሩት የቤት ስሙ ይጸልዩለት። እናቱ ካሉ የክርስትና ስሙን እርሳቸው ይነግሩዎታል፤ ምናልባትም ስለ ልጅነታችሁ የሚያወሩት ሰው ሲጠብቁ ኖረው ይሆናል።