ለአርባ ምንጩ ጉዞ፦ ስለ ጭነቱና ስለ ሞተሩ

ወንድሜ፣ በ150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ለመሄድ ምን ልያዝ ብለህ ጠይቀሃል። ሞተሩ ይበቃል። የሚያስቸግረው ጭነቱ ነው።

ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርገህ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግተህ እሰር። ከኋላ ከፍ ብሎ የተቆለለ ሻንጣ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ መታጠፊያ ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል። የተረፈውን የገመድ ጫፍ ጠቅልለህ አስገባው። ተንጠልጥሎ ከቀረ ካቴናው ወይም የኋላ ጎማው ይዞ ይጠቀልለዋል፤ ይሄ ደግሞ ሰው ይጥላል። ጭነህ ስትጨርስ ላዩ ላይ ተቀመጥና ካቴናውን ሰው ይይልህ። ባዶውን ልክ የነበረ ካቴና ክብደት ሲያርፍበት ሊወጠር ይችላል። የኋላ ጎማውንም በሞተሩ መመሪያ ላይ ለጭነት በተጻፈው ልክ አስነፋ።

መለዋወጫ ብዙ አትሸከም። የውስጥ ጎማ፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የፍሪሲዮን ገመድ (ማርሽ ስትቀይር በግራ እጅህ የምትስበው) እና ጎማ መፍቻ ቁልፍ ይበቃል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ባንተ ልክ የሚሆን የውስጥ ጎማ ግን ላይኖረው ይችላል።

አዲስ አበባ ጠዋቱ ይበርዳል፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች። ደራርበህ ልበስ። ሞቀኝ ብለህ ግን ብትወድቅ የሚከላከልልህን ጃኬት እንዳታወልቅ፣ አደራ! ጉዞህ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ከሆነ የዝናብ ልብሱን ቶሎ እንድታገኘው ከጭነቱ በላይ አድርገው፤ በዚያ በኩል ይዘንባል።

በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርገህ ስትወርድ ከብት መንገድ ያቋርጣል። ላሟ ካለፈች ጥጃዋ ትከተላለችና ፍጥነት ቀንስ። ከመሸብህ ሶዶ እደር።