መልስ፦ ካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ለማደስ ለምን ይበደራል?
«ፌርፋክስ ካውንቲ ይህን ሁሉ ግብር እየሰበሰበ ቤተ መጻሕፍት ለማደስ ለምን ቦንድ (ገንዘብ መበደሪያ ሰነድ) ይሸጣል?» ብለው ለጠየቁት፦ ሕንፃው ለአሥርተ ዓመታት ስለሚያገለግል ሙሉ ወጪውን በዘንድሮ ግብር ከፋይ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። በቦንድ ሲሆን ነገ የሚገለገሉበትም ይካፈሉታል። ደግሞም በቨርጂኒያ ካውንቲ ግብሩን ዋስትና አድርጎ እንዲህ ያለ ቦንድ የሚሸጠው ነዋሪው በድምፁ ሲፈቅድ ነው፤ በኖቬምበር 2020 ለቤተ መጻሕፍት 90 ሚሊዮን ዶላር የጸደቀው በዚሁ መንገድ ነበር።

ግብርዎ ወዲያው ይጨምራል ማለትም አይደለም። ካውንቲው ዓመታዊ የዕዳ ክፍያው ከመደበኛ ወጪው 10 በመቶ እንዳያልፍ ራሱን ገድቧል። ሦስቱ ታላላቅ የብድር ደረጃ አውጪዎችም ከፍተኛውን ደረጃ ስለሰጡት በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል።

የመምረጥ መብት ካለዎት እባክዎ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የቦንድ ጥያቄ ሲኖር ከዕጩዎቹ ስም በኋላ ነው የሚመጣው።