«ያው ፓራሲታሞል ነው» ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ሁሉ ቀልዱን ታውቁታላችሁ። ራስህን አመመህ? ፓራሲታሞል። ሆድህን ቆረጠህ? ፓራሲታሞል። ፍቅረኛህ ጥላህ ሄደች? ለእሱም ፓራሲታሞል ይታዘዝልሃል። እኅቴ የግቢ ክሊኒክ ነርስ ስለነበረች ይህን ቀልድ ከእናንተ በፊት ሰምቼ ከእናንተ በፊት ሰልችቶኛል።

እኔ ደግሞ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ። እንደ ፓራሲታሞል ብዙ የሸጥሁት መድኃኒት የለም፤ እንደ እሱ የተናቀም የለም። ሰው ሐኪም ቤት ሲንከራተት ውሎ ማዘዣውን ይዞ ይመጣል፤ አንብቤ ስነግረው ፊቱ ጭፍግግ ይላል። መርፌ ነበር የፈለገው። ዳይክሎፌናክ ተወግቶ እያነከሰ ቢወጣ እንደታከመ ይቆጥረዋል። ሌላው ይመጣና ሁለት እሽግ ይጠይቃል። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስለው «ኧረ ያው ፓራሲታሞል ነው!» ብሎኝ ይሄዳል። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚህች «ያው» ስለምትባል ቃል ነው።

በመጀመሪያ ግን ታሪኩን ላውጋችሁ፤ የተናቀ ነገር ታሪክ ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1886፣ ያኔ በጀርመን ሥር በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ፣ አርኖልድ ካን እና ፓውል ሄፕ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች የአንጀት ትል ላለበት ሕመምተኛ ናፍታሊን ይሰጣሉ። አዎ፣ እናቶቻችን ብል እንዳይበላው ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጡትን ናፍታሊን። ትሉ ንቅንቅ አላለም፤ የሕመምተኛው ትኩሳት ግን ወረደ። ነገሩ ሲጣራ ከፋርማሲው በስህተት የመጣው አሴታኒላይድ የሚባል ሌላ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። በእኛ ሙያ ተሳስቶ የተመሰገነ ሰው ከዚያ ፋርማሲስት ሌላ አላውቅም። ዱቄቱ አንቲፌብሪን ተብሎ ገበያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአንዳንድ ሕመምተኞች ከንፈርና ጥፍር ይጠቁር ጀመር፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም እያቃተው ነበር።

ፓራሲታሞል ራሱ በዚያን ጊዜ ተሠርቶ ተቀምጧል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃርመን ሞርስ በ1878 ሠርቶታል። በ1893 ጀርመናዊው ዮዜፍ ፎን ሜሪንግ በሕመምተኞች ላይ ሞከረውና ይኸኛውም ደም ያበላሻል ብሎ ተወው። የሞከረው ዱቄት ንጹሕ ያልነበረ ይመስላል። በዚህ ሰበብ መድኃኒቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተረስቶ ቀረ። በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ በርናርድ ብሮዲ እና ጁሊየስ አክስልሮድ፣ አሴታኒላይድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፓራሲታሞል እንደሚለወጥና ሕመሙን የሚያስታግሰው እሱ እንደሆነ አሳዩ። ደም የሚያበላሸው ሌላው ተረፈ ምርት ነበር። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልፈጀም፤ በ1955 አሜሪካ ውስጥ ታይሌኖል በሕፃናት ሽሮፕ መልክ፣ በ1956 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ፓናዶል ተብሎ በኪኒን ወጣ።

ስሙም የራሱ መዘዝ አለው። ፓራ-አሴቲል-አሚኖ-ፌኖል ከሚለው ረጅም የኬሚካል ስም አሜሪካኖች «አሴታሚኖፌን»ን ቆርጠው ወሰዱ፤ አብዛኛው ሌላው ዓለም «ፓራሲታሞል»ን። የንግድ ስሙማ አይጣል ነው። አሜሪካ ታይሌኖል፣ እስራኤል አካሞል፣ ዱባይና ሪያድ ፓናዶል፣ ስዊድን አልቬዶን፣ ፈረንሳይ ዶሊፕራን ይባላል። ሁሉም አንድ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሜሪላንድ ትኖራለች። አንድ ክረምት ጉንፋን ጠፍሮ ያዛትና ደወለችልኝ፤ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሰውነቷን ይቆረጥማታል። ምን እየወሰደች እንደሆነ ጠየቅኋት። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዛው የሄደችውን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ። ጓደኛዋ «የዚህ አገሩ ይሻላል» ስላለቻት ታይሌኖል በመካከሉ። ማታ ማታ እንቅልፍ እንዲወስዳት ናይኩዊል የሚባል የጉንፋን መድኃኒት። ናይኩዊልም ውስጥ አሴታሚኖፌን አለ። እሷ ሦስት መድኃኒት ስትቆጥር ጉበቷ የቆጠረው አንድ ብቻ ነው። በስልክ ደመርኩት፤ በቀን ከ6 ግራም በላይ ሆነ፣ ያውም ለሁለት ቀን። «አሁኑኑ ተነሺና ሆስፒታል ሂጂ» ስላት ሳቀች። «ጋሼ፣ በፓራሲታሞል?» አለችኝ። ጮህሁባት። ሄደች፤ ደሟ ተመረመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ተመለሰች።

ጉበት ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከምንውጠው አብዛኛው ያለ ጉዳት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ጥቂቱን ግን ጉበት ወደ መርዝ ይለውጠዋል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የሚሆን ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ጉበት ውስጥ ተከማችቶ ይኖራል፤ እንደ ጎተራ እህል አስቡት። በልኩ ስትወስዱ ጎተራው ይጎድላል፣ መልሶ ይሞላል። ከልክ ስታሳልፉ ግን ይሟጠጣል፤ ያን ጊዜ መርዙ የሚያገኘው የጉበቱን ሥጋ ነው። ዘወትር የሚጠጣ ሰውና ምግብ በቅጡ ሳይበላ የሰነበተ ሰው ጎተራቸው መጀመሪያውኑ ጎዶሎ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ሲጠጣ አድሮ እሑድ ጧት ባዶ ሆዱን ኪኒን በላይ በላይ የሚያወርድ ልጅ ሳይ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ልኩ ይኸውላችሁ። ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በጠቅላላው ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ከ4 ግራም፣ እንዳያልፍ። ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ያነሰ ነው የሚፈቀድለት፤ ባለሙያ ይጠይቅ። ልኩን ጠብቃችሁ ከወሰዳችሁት እንደ እሱ ያለ ደግ መድኃኒት ጥቂት ነው። እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ አይልጥም። ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን አማክራ ትወስደዋለች። በ2013 ድሬዳዋ ላይ ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ወረርሽኝ ሆኖ ሲገባ ለትኩሳቱ የሚመከረው እሱ ነበር፤ እነዚያ ሌሎቹ በዴንጊ ጊዜ ደም መፍሰስን ያባብሳሉና።

ግን ትኩሳቱ ወረደ ማለት በሽታው ወጣ ማለት አይደለም። አያቴ ምች ሲመታን ዳማከሴ አሽታ ታጠጣንና ላባችን ሲመጣ «ተሻለው» ትል ነበር። የእናንተም ዘመን አልተለየም፤ ዳማከሴው ኪኒን ሆነ እንጂ። ከቆላ አገር መጥታችሁ ብርድ ብርድ ካላችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። ፓራሲታሞል የወባዋን ተውሳክ አይነካትም።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድም። ተናዶ ወይም ተስፋ ቆርጦ ከልክ በላይ የወሰደ ጓደኛ ቢያጋጥማችሁ፣ ወይም የጥርስ ሕመም አላስችል ብሎት ሳይቆጥር ሲውጥ የሰነበተ፣ «አሁን ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ማቅለሽለሽ ወይም ምንም ላይኖር ይችላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ከቀኝ ጎድን በታች ማመም ይጀምራል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለው፤ ያንን ጎተራ መልሶ የሚሞላ ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ከዚያ ቢዘገይም መሄድ አይቅር። ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ፤ እሽጉን ይዛችሁ፣ እሱን ደግፋችሁ ወደ ሆስፒታል። ሲመለስም አትምከሩት፣ አትቆጡት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉና ምን እንደከበደው ጠይቁት። ይህ የከበደው ከእናንተ ከራሳችሁ አንዱ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ የሰፈራችሁ ፋርማሲስትም ሰው ነው።

የራሴን ጥፋት ሳልነግራችሁ ብጨርስ ደግሞ ልክ አይሆንም። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት አንዲት እናት ዓመት ያልሞላው ልጇን አዝላ መጣች። ትኩሳት ነበረው። ሽሮፑ ስላለቀብን ጠብታውን ሰጠኋት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ «በጠብታ መስጫው ነው» ብዬ ወደ ቀጣዩ ዞርሁ። ያቺ ትንሽ ጠርሙስ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ትይዛለች፤ እሷ የምታውቀው ሽሮፕ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 120 ነበር። በማግስቱ ጧት ተመልሳ መጣችና «ጠርሙሱ በጣም ትንሽ ነው፣ በሁለት ማንኪያ ብቻ ሊያልቅ ነው፣ ትልቁን ስጠኝ» አለችኝ። ለካ እንደ ሽሮፑ በማንኪያ ነው የሰጠችው። ባንኮኒውን ዘልዬ ነው የወጣሁት ማለት ይቻላል። ታክሲ አስቁሜ አብሬያት ሆስፒታል ሄድሁ፤ ልጁ ሁለት ቀን ተኝቶ ምንም ሳይሆን ወጣ። እሷ መረቀችኝ። እኔ ለብዙ ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ወዲህ ለሕፃን መድኃኒት የሚጠይቀኝን ሁሉ «ስንት ኪሎ ነው?» እላለሁ፤ ለልጅ መጠኑ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነውና። የወጥ ቤት ማንኪያም አላምንም። ብዙ ወላጅ የልጁን ኪሎ ስለማያውቅ ባንኮኒው አጠገብ ሚዛን አስቀመጥሁ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የሰፈሩ ልጆች ጂም ከጀመሩ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጡ በነፃ ይመዘኑበታል፤ ሁለት ኪሎ የቀነሰች ቀን ማኪያቶ የምትጋብዘኝ ልጅም አለች።