ከ2010 አልበሞች የትኛውን ልስማ ላልከው

ወንድሜ፣ «ከ2010 ዓ.ም. አልበሞች የትኛውን ትመርጣላችሁ? ኮምቦልቻ ነኝ፣ ዘፈን የማስጭነው ግን ደሴ ነው» ብለህ ጠይቀሃል። መልሱን ቶሎ ልንገርህና ወደ ንዴቴ ልግባ። የኔ አንደኛ የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» ነው። ሁለተኛ የሮፍናን «ነፀብራቅ»። ከዚያ በታች ያለውን እንደ ስሜትህ ደርድረው፣ አልጣላህም።

ስለ «ነፀብራቅ» ብዙ አልልም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ዲጄ የነበረ ልጅ ኤሌክትሮኒክሱን ከአገር ቤት ዜማ ጋር አዋህዶ ያመጣው ነው። ጮክ አድርገህ ስማው። ጎረቤት ካልተቆጣህ ገና አልሰማኸውም።

«ላላ በሉ»ን ስጠራ ጓደኞቼ «ዘፋኝ የሌለው አልበም እንዴት አንደኛ ይሆናል?» ይሉኛል። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፣ እሱም እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ ከመኪናው አይለይም፣ ተሳፋሪ ሲጠፋ አውጥቶ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን ይዞ የቀዳት ካሴት ከስንት ዘመን በኋላ ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ እጅ ገባችና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። «ላላ በሉ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በእኛ የካቲት 2010። (ካሴቷ ባሕር ዳር ሆና ተረፈች እንጂ እኛ ሰፈር ብትሆን ሌላ ዘፈን ተቀድቶባት ነበር።)

አሁን ምክሬ።

1. በቅደም ተከተሉ ስማው። ስድስት ትራክ ነው። በ«ትዝታ» ይጀምራል፣ ረዘም ይላል፣ አትቸኩል። የሚያልቀው በ«የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። ቤዙም ድራሙም ይወጡና ሰውየው ብቻውን ፒያኖ ይዞ ይቀራል። አምስቱን የምትሰማው እዚህ ለመድረስ ነው።

እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው። ደሴ አንድ ዘፈን ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፣ በሩ ላይ ግን «ኦሪጅናል ብቻ» ይላል። ፍላሼን ሰጠሁት፣ የጠየቀኝን ከፈልኩ፣ ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት። የትራኮቹ ስም በሙሉ ጠፍቶ በሱቁ ስልክ ቁጥር ተተክቷል። መጨረሻ መሆን ያለበት ፒያኖ ሁለተኛ ላይ ቁጭ ብሏል። እሺ ይሁን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ መስማት ስጀምር፣ በጣም ልብ የሚነካው ቦታ ላይ አንድ ጎርናና ድምፅ «ለጥራት ወደኛ ጎራ ይበሉ!» ብሎ ጮኸ። ወላሂ ከአልጋዬ ዘለልኩ። በፒያኖው ላይ ማስታወቂያ ቀድተውበታል!

2. ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ቆመህ አስከፍተህ ስማ። ልጁ ፊቱን ያጠቁርብሃል፣ አብሽር፣ ታገሰው። እኔ በማግስቱ ስመለስ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ዘፈን ዘፈን ነው፣ የፊቱ ኋላ ቢሆን ምን ጎደለብህ?» አለኝ። «ማስታወቂያውስ?» ስለው «እሱ ቦነስ ነው» ብሎ ሳቀ፣ ወረፋ የያዙትም አብረውት ሳቁ። ገንዘቤን አልመለሰም። እኔም አልለቀቅኩትም። እዚያው ቆሜ ስድስቱን በቅደም ተከተላቸው በቃሌ ጠራሁለት። ከወረፋው አንድ አባት «ልጁ እውነቱን ነው፣ ሙያ ያውቃል» ብለው መሰከሩልኝ። ያቺን ምስክርነት እስካሁን ይዣታለሁ። ንፁሑን ቅጂ በኋላ ውጭ ያለ የአጎቴ ልጅ ገዝቶ ላከልኝ። አንተ ካርድና ኢንተርኔት ካለህ ከዘፈን ቤት ጋር ምን አጨቃጨቀህ፣ በቀጥታ ግዛ።

3. እንደ ወሎ ልጅ ስማው። አራት ቅኝት፣ ማለት የዜማ ስልት፣ አለን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የእኛው አገር ስም ናቸው፣ ባቲ እንዲያውም ከአንተ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። «ላላ በሉ» ላይ ከትዝታ ሌላ «አንቺ ሆዬ ለኔ» የሚል አለ። አልበሙ ጃዝ ነው፣ አንተ ግን ከጃዙ በፊት ቅኝቱን ለመለየት ሞክር፣ ያን ጊዜ ዘፋኝ አይናፍቅህም። ጆሮህ ካልለየልህ መጀመሪያ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስማና ተመለስ። የ2010 አይደለም አትበለኝ። እኔ በየዓመቱ ዝርዝሬ ውስጥ አስገባታለሁ፣ ማንም አያስወጣትም።

አራተኛ ምክር ነበረኝ፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ንዴቱ አስረሳኝ። ይልቅ ሰኞ ባቲ ገበያ ከወረድክ የማሪቱ ካሴት ካየህ ዋጋውን ሳትከራከር ያዝልኝ። ማጫወቻው እኔ ጋ አለ፣ ይሠራል።