ጄሊፊሾቹ የት ገቡ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለፈው ወር መረብሽ በጄሊፊሽ ተሞልቶ አልነሳ አለሽ፤ በዚህ ወር እዚያው ቦታ ላይ አንድም አጣሽ። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ የዓመቱን ምርታማነት ማስላት ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። እኔም ለዓመታት በባሕር ዳርቻ መረብ ስጎትት ይኸው ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወደ ታች ተመልከቺ። ኦሬሊያ የሚባለው የተለመደው ጄሊፊሽ ወቅቱን የሚጀምረው ከውሃው ግርጌ ነው። በዚያ ጊዜ ፖሊፕ ይባላል፤ ተለጥፋ የምትኖር የመጀመሪያ ቅርጹ ማለት ነው። ፖሊፗ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት። ከዛጎል ሥር፣ ከወደብ ምሰሶ ጥላ በኩል ተለጥፋ ትከርማለች። ክረምትና በጋው በሚለያይባቸው ባሕሮች፣ በቅዝቃዜው ወራት ሰውነቷ እንደተደራረበ ሳህን ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ሳህን ተላቆ ኤፊራ፣ ማለትም ሕፃን ጄሊፊሽ፣ ይሆናል። መጀመሪያ ያየኋትን አልረሳትም። ጥቁር ወረቀት ላይ ባስቀመጥኩት የብርጭቆ ሳህን ውስጥ፣ ስምንት ክንድ ያላት ኮከብ እንደ ልብ ትመታለች። ፀደይ ላይ የነበረችው ኮከብ በጋ ላይ የምታይው ትልቁ ጄሊፊሽ ናት። ከተራባች በኋላ ትደክማለች፣ ትበጣጠሳለች።

ስለዚህ የአንቺዎቹ ሞተው ሊሆን ይችላል። ግን ነፋስና ማዕበል ገፍቷቸው፣ ወይም ወደ ጥልቁ ወርደውም ሊሆን ይችላል። በወር አንዴ በሚጎተት መረብ ይህን መለየት አይቻልም። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ባሕር ውጪ፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከታች እስከ ላይ፣ ደጋግመሽ ጎትቺ።

ወደ ምርታማነቱ ስንመጣ፣ ብዛት ማለት ምርት አይደለም። ምርት የሚገኘው በጊዜው ያለው የአካል ክብደት በዕድገቱ ፍጥነት ሲባዛ ነው። ስለዚህ መቁጠር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ስፋት ለኪ። ትንንሾቹ ክብደታቸው እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም በፍጥነት ያድጋሉ፤ እነሱን ከዘለልሽ የወቅቱ መጀመሪያ ያመልጥሻል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ጄሊፊሽ ሲራብ ይቀንሳል። አማካይ ስፋቱ ስለወረደ ብቻ አዲስ ትውልድ መጣ አትበይ። ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ እርጥብ ክብደቱን ኮፔፖድ ከሚባሉት በውሃ ውስጥ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ጋር እንዲሁ አታወዳድሪ፤ በውስጡ ወዳለው የካርቦን መጠን ቀይሪው።

ቲኖፎሮች፣ ማለትም ጄሊፊሽ የሚመስሉ ሌሎች ለስላሳ የባሕር እንስሳት፣ ካሉሽ እዚያው ጀልባ ላይ ቁጠሪያቸው። እኔ አንዴ ኔሚዮፕሲስ የሚባለውን ቲኖፎር እንደሌላው ናሙና ፎርማሊን በሚባለው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከትቼ፣ ከቀናት በኋላ ጠርሙሱን ስከፍት የደፈረሰ ውሃ ብቻ ጠበቀኝ። የአንድ ቀን ድካም ሄደ። በጣም አዘንኩ፣ ምክንያቱም ይቺ ፍጡር ቀላል አይደለችም። ራሷን በራሷ አዳቅላ በቀን በሺዎች እንቁላል መጣል ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ባሕር ገብታ፣ በዚያው አሥርት መጨረሻ የዓሣው ምርት ሲያሽቆለቁል ከምክንያቶቹ አንዷ ተብላ ተቆጥራለች። የቀነሰችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤሮኤ የሚባል ሌላ ቲኖፎር መጥቶ ይበላት ከጀመረ በኋላ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ የመረብሽ ቀዳዳ ስንት ነው? ፀደይ ላይ ኤፊራ አላየሁም ካልሽ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ አሾልኳቸው ይሆናል። ስፋቱንና የጎተትሽባቸውን ቀናት ላኪልኝና አብረን እንየው።