መኪናው አልነሣ ሲል መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ አልነሣ ባለበት ጧት ጎታች ለመጥራት አትቸኩሉ፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙራችሁ የሚሰማውን ድምፅ በጥሞና አዳምጡ። ይህን የምለው በሚኒሶታ ባሳለፍኩት የመጀመሪያ የብርድ ወቅት ዋጋ ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። አንድ ሌሊት ወደ ሥራ ልሄድ ቁልፉን ሳዞር መኪናዬ አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ፤ አስጎትቼ የወሰድኩበት ጋራዥም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ዕቃ) ተቃጥሏል ብሎ ከ400 ዶላር በላይ አስከፍሎ ቀየረልኝ። አሥር ቀን ሳይሞላ ያው «ቀጭ» ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ የአገራችን ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ማሰሪያ በሁለት ጣቱ ሲይዘው ተነቃነቀ፤ ከሥሩም ነጣ ያለ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበት ነበር። በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ፣ በብሩሽ ፍቆ፣ አጥብቆ ሲያስረው መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ያ የባከነ ገንዘብ ለእናቴ ልልክላት ያሰብኩት ነበር።

የማይነሣ መኪና ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም፣ ወይ እየዞረ አይቀጣጠልም። ሁለቱን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን እንደገና አዙሩ። «ቀቀቀቀ» የሚል ፈጣን ድምፅ ወይም እንደ እኔው አንድ «ቀጭ» ተሰምቶ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ደምቆ እያለ አንድ «ቀጭ» ብቻ ከተሰማ ሞተሪኖውን መጠርጠር ይቻላል። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ ግን የፍሬኑን ፔዳል በደንብ ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አውጥታችሁ ሞክሩ፤ በኤን ከተነሣ ችግሩ የማርሹን ቦታ የሚያነበው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብርድ አገር አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ያለው ጉልበት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩ ለመዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በዱባይና በሪያድ የምትኖሩ ደግሞ ብርዱ ስለሌለ አትዘናጉ፤ ባትሪን ከውስጥ የሚያረጀው ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው። ቤታችሁ አንድ ርካሽ የቮልት መለኪያ ይኑር። መኪናው አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 ካላሳየ ደግሞ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መመርመር አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ በአሜሪካ ኦቶዞንና ኦራይሊን የመሰሉ የመለዋወጫ መደብሮች ባትሪ በነፃ ይፈትሻሉ።

አገር ቤት ከለመድናቸው ነገሮች ሁለቱን እዚህ ተዉ። አንደኛው ገፍቶ ማስነሣት ነው፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በግፊ አይነሣም። ሁለተኛው ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል ነው። ይህ በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ድንገተኛ የቮልት ጭማሪ ፈጥሮ ኮምፒውተራቸውን ሊያቃጥል ይችላል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ከሌላ መኪና ኃይል ስትበደሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀዩን ገመድ በደከመው ባትሪ ፕላስ፣ ሌላውን ጫፍ በጤነኛው ፕላስ፣ ጥቁሩን በጤነኛው ማይነስ ላይ ካሰራችሁ በኋላ የመጨረሻውን የጥቁር ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የዚያው የደከመው መኪና ሞተር ብረት ላይ እሰሩት። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በላዩ ላይ የሚፈጠር ብልጭታ ሊያፈነዳው ይችላል። ያበጠ ወይም ውስጡ በረዶ የሆነ ባትሪ ላይ ፈጽሞ ገመድ አታስሩ፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ከሙሉው ይልቅ እጅግ ቀድሞ በረዶ ይሆናል።

ሞተሩ እየዞረ የማይቀጣጠል ከሆነ ቤንዚኑን አረጋግጣችሁ፣ ሬዲዮውን አጥፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን እስከ «ኦን» ብቻ አዙሩ። ለሁለት ሰከንድ ያህል ከኋላ ወንበር ሥር የሚሰማው ዝቅ ያለ «እምም» የሚል ድምፅ የነዳጅ ፓምፑ ነው፤ ካልተሰማ ፊውዙን ተመልከቱ። የቁልፍ ምስል ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውምና በሁለተኛው ቁልፍ ሞክሩ። ሞተሩ ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ ከዞረ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ታይሚንግ ችንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከሞተሩ ጋር የሚያስተካክለው ቀበቶ) ተበጥሶ ከሆነ ደጋግሞ ማዞር ቫልቮቹን ሊያጣምም ይችላል። በማንኛውም ሁኔታ ከአሥር ሰከንድ በላይ ያለማቋረጥ አታዙሩ።

ጋራዥ መሄድ ግድ ከሆነ ቋንቋው እንዳያደናግራችሁ። ሞተሪኖ፣ ካንዴላና ኮፈን ከጣሊያን የወረስናቸው ስሞች ስለሆኑ እዚያ የሚረዳችሁ የለም፤ ስታርተር፣ ስፓርክ ፕለግና ሁድ በሉ፣ ዲናሞውንም አልተርኔተር በሉት። ሞተሩ የማይዞር ከሆነ «ኖ ክራንክ»፣ እየዞረ የማይቀጣጠል ከሆነ «ክራንክ፣ ኖ ስታርት» ማለት መካኒኩን ግማሽ መንገድ ያሻግረዋል። ስታርተሩ ይቀየር ካላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ቁልፉ ሲዞር ስታርተሩ ጋ ስንት ቮልት ደረሰ? 12 ቮልት አካባቢ ደርሶ ካልዞረ ስታርተሩ በእርግጥ ሞቷል። ካልለካው ግን ለክቶ እስኪነግራችሁ ድረስ ፊርማችሁን አታስቀምጡ።