መልስ፦ ከሸንተረሩ ሲርቅ የባሕር ወለል ማግኔትነት ለምን ይደክማል?

የምድር ማግኔት ደክሞ አይደለም። ዋናው ምክንያት ድንጋዩ ራሱ መለወጡ ነው። በውቅያኖስ መሃል ሸንተረር (አዲስ የባሕር ወለል በሚፈጠርበት የባሕር ሥር ተራራ ሰንሰለት) ላይ ገና የወጣ ባዛልት፣ ማለትም ቀዝቅዞ የጠጠረ ጥቁር የላቫ ድንጋይ፣ ማግኔትነቱን የሚይዘው ታይታኖማግኔታይት በሚባል ማዕድን ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቁ ሲሰርግ ማዕድኑን ቀስ እያለ ያዝገዋል፤ ታይታኖማግሄማይት ይሆናል። ይኼኛው ማግኔትነቱ ደካማ ነው። ከሸንተረሩ በራቀ ቁጥር ወለሉ ያረጀ ነውና ይበልጥ ዝጓል። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ግን "የተለወጠ ድንጋይ ሁሉ ማግኔትነቱ ይቀንሳል" ብለሽ እንዳትጽፊ። ከባዛልቱ ሥር ያለው ፔሪዶታይት የሚባል ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ ሰርፔንቲናይት ወደሚባል ድንጋይ ሲለወጥ ማግኔታይት የሚባል ጠንካራ ማግኔታዊ ማዕድን አዲስ ይወልዳል፤ እንዲያውም ይጠነክራል።

የዛገውንና ያልዛገውን ለማነጻጸር ጎንደር አጠገብ ካለችው ከአዘዞ መንገድ ዳር ባዛልት እወስዳለሁ ላልሽው፦

1. በመዶሻ ፈልጪው።
2. ቡናማውን የዛገ ቅርፊት ከጥቁሩ ውስጡ ለይተሽ ያዢ።
3. ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥለሽ ቅርፊቱንም ውስጡንም በየተራ አስጠጊለት።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከነቅርፊቱ ለክቼ የሳምንት ሥራዬ ገደል ገባ። ደግሞ አትርሺ፣ የጎንደር ባዛልት የየብስ ነው። ያዛገው የክረምት ዝናብ እንጂ የባሕር ውሃ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወደ ውቅያኖስ አትውሰጂው።